ባዶ ሆኖ የመጣው ምሳ ዕቃ

«ይሄ አረንጓዴው ምንድን ነው?» አለች መራጯ። የምሳ ዕቃዋን ክዳን ከፍታ አንዲት ፎሶሊያ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላለች።

«ፎሶሊያ ነው» አለቻት እናቷ። ቆማ ጫማዋን እያሰረች ነው።

«ካሮቱን ነክቶታል።»

«ቢነካውስ?»

«ካሮቱ ፎሶሊያ ፎሶሊያ ይላል።»

እናቷ ማንኪያ አነሳች። ካሮቱን በማንኪያ ወደ ጥግ ገፋችው። ፎሶሊያውን አውጥታ የራሷ አፍ ውስጥ ከተተችው። ክዳኑን ገጠመች። ሥራ ረፍዶባታል።

ልጆች፣ መራጯ የልጅ ልጄ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። እሷ፣ እናቷና እኔ ከአናጢ ቤት ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። ቀኑን ሙሉ መጋዝ እንሰማለን። ልብሳችን የእንጨት ብናኝ ይሸታል። እናቷ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ፣ ትኩስ ካውያ ይዛ። እኔ ሽማግሌ ነኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመልሳለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

መራጯ ብሎ የጠራት አናጢው ነው። ለምን መሰላችሁ? ሽንኩርት አትበላም። ከእንቁላል ነጩን ትበላለች፣ አስኳሉን ትተዋለች። ሩዝ ውስጥ አንዲት የጠቆረች ፍሬ ካየች ሩዙ በሙሉ አበቃለት። ቲማቲም «ያየኛል» ትላለች። ቲማቲም ምን ዓይን አለው ብዬ ጠየቅኋት። «ፍሬዎቹ» አለችኝ። ጠዋት በደጁ ስናልፍ አናጢው መጋዙን ያቆምና ይጠይቃታል።

«መራጯ፣ ዛሬስ ምንድን ነው የማትበይው?»

እሷም ቆማ ትነግረዋለች። አታፍርም።

እዚህ መካከል የምትስቁ አላችሁ። ማን ማን እንደሆናችሁ እናንተው ታውቃላችሁ።

ምሳ ዕቃዋ ማታ ሲመለስ እንደሄደ ነው። እናቷ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የልጅቷን ቦርሳ ታነሳለች። መክፈት አያስፈልጋትም፣ በክብደቱ ታውቀዋለች። ከዚያ ቁጭ ብላ የቀዘቀዘውን እሷ ትበላዋለች። አትቆጣም። መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

«ነገ ምን ልሥራልሽ?» ትላታለች።

«እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ የሚባል ምግብ የለም፣ የኔ ልጅ።»

አንድ ቀን እናቷ አዲስ ነገር አሰበች። ጠዋት ከወትሮው ቀደም ብላ ተነሳች። ድንች ቀቀለች፣ ላጠች፣ ጨፈለቀች። እንቁላል ቀቅላ ላጠችና በድንቹ ሸፈነችው። አድበለበለችው፣ በዳቦ ፍርፋሪ ላይ አንከባለለችው፣ መጥበሻ ላይ እያገላበጠች ጠበሰችው። ወርቅ የመሰለ ድቡልቡል ነገር ወጣ። ሽንኩርት የለውም። አረንጓዴ የለውም። አስኳሉም ቢሆን ውስጥ ተደብቋል፤ ከውጭ ሲታይ ምንም ነገር ምንም አይነካም። እኔ ቀምሼዋለሁ፣ ይጣፍጣል።

«እንግዲህ» አለቻት እናቷ ስትሰጣት፣ «ይሄን ደግሞ ካልበላሽ እኔ ሌላ አላውቅም።»

ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ልጅ የሰው ድካም የማይሰማው ይመስለናል። ይሰማዋል።

በምሳ ሰዓት መራጯ ድቡልቡሉን ለሁለት ቆረጠችው። አስኳሉን አየች። አበቃ።

በትምህርት ቤቱ ጓሮ የውሃ ታንከር አለ። ከታንከሩ ጀርባ የዘበኛው ዶሮዎች ይጭራሉ። መራጯ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደዚያ ሄደች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ምሳ ዕቃዋን ገለበጠችው። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን እያርገበገቡ መጡ።

ማታ እናቷ ገባች። ቦርሳዋን አነሳች። ቀለላት። ቶሎ ብላ ከፈተችው። ባዶ ነው።

«በላሽው?»

መራጯ እኔን አየች። ከዚያ ወለሉን አየች።

«በላሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እናቷ ሳቀች። ልጆች፣ የልጄን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ምሳ ዕቃውን ገልብጣ መታ መታ አደረገችው። አንዲት ፍርፋሪ ወደቀች። እሷንም አንስታ በላቻት። መራጯን አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት።

«አገኘሁት፣ አባዬ» አለችኝ። «የምትወደውን አገኘሁት።»

መራጯም ሳቀች። የእናቷ ሳቅ ጣፈጣት። ስለዚህ በማግስቱም ደገመችው።

ውሸት ሲጀምር ትንሽ ነው፣ ደስም ያሰኛል። ሥራ የሚያበዛው በኋላ ነው።

በማግስቱ ድቡልቡሉ ተሠራ። በማግስቱም እንደዚያው። ልጅ የምትበላው ነገር ከተገኘ ማን ይቀይረዋል? ግን ቶሎ የሚሠራ ነገር አይደለም። ድንቹ እስኪበስል ይጠበቃል። ትኩሱን መላጥ አለ። እንቁላሉ አለ። መጥበሻው አጠገብ ቆሞ ማገላበጥ አለ፤ ዞር ካሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ልጄ ከወፎቹ በፊት ትነሳለች። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማታለሁ።

«ትንሽ ተኚ እንጂ» እላታለሁ።

«ልጄ እየበላችልኝ እንዴት ልተኛ፣ አባዬ?»

መራጯም በየቀኑ ወደ ታንከሩ ጀርባ ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት ከልጆቹ ጋር ቆማ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ስለሰጠኸን ምግብ እናመሰግንሃለን» ትላለች። አሜን ትላለች። ከዚያ ለዶሮዎቹ ትገለብጣለች። እኛ አላየናትም። ያመሰገነችው ግን ያያታል።

ከሰዓት በኋላ ስመልሳት ርቧት ነው የምትመጣው። ቤት እንደገባን ደረቅ ዳቦ እንደ ጅብ ትበላለች። እኔ «እያደገች ነው» አልኩ። እናቷም «እያደገች ነው» አለች። ድቡልቡሉንም ተለቅ አድርጋ ትሠራው ጀመር።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን እናንተ አታውቁም። ይምጣባችሁ አልልም። መጀመሪያ ነገር ይረሳል። ልጄ ቁልፍ ትረሳ ጀመር። ከዚያ ማታ ስትበላ ማንኪያ እንደያዘች ዓይኗ ይከደናል። «ሰማሁሽ፣ ሰማሁሽ» ትላለች፣ ማንም ሳይናገራት። እኔና መራጯ እንሳሳቃለን። መሳቅ አልነበረብንም።

አንድ ቀን ላውንደሪ ውስጥ ቆማ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ካውያው በሰው ኮት ላይ ቀረ። የቀሰቀሳት ጭሱ ነው። ደንግጣ ስታነሳው የእጇን አንጓ ነካት።

የላውንደሪው ባለቤት ኮቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። ጀርባው ላይ የካውያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው አልጮኸባትም።

«ጎበዝ ሠራተኛ ነበርሽ» አላት። «ነበርሽ ነው ያልኩት። አንድ ጊዜ ከደገመሽ በቦታሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

ይህን ማታ ነገረችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ። እጇን በጨርቅ ጠቅልላለች።

«ሥራው ከሄደ ምን እንሆናለን፣ አባዬ?»

የእጇን ጨርቅ አስተካከልኩላት። መራጯ ከበሩ ወዲያ ቆማ ኖሯል። ሰምታለች። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ማታ ዳቦዋን ሳትጨርስ ተኛች።

በማግስቱ ሁላችንም ረፈደብን። እናቷ በአንድ እጅ ስለምትሠራ ነው። ስንሮጥ ምሳ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ልጅቷን አድርሼ ስመለስ አየሁት። ገና ይሞቃል። ትንሽ አረፍኩና ለምሳ ሰዓት እንዲደርስላት ይዤው ተመለስኩ። መንገዱ ዳገት ነው። ሁለቴ ተቀመጥኩ።

ዘበኛው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ወሬ የሚወድ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ምሳ ዕቃውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ዛሬስ ቀረባቸው ብዬ አዝኜ ነበር» አለ። «አምጡ አባት፣ እኔው ልስጣቸው።»

«ለማን?»

«ለዶሮዎቼ ነዋ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዛሬ ሰው ለሰውም አያስብ፤ እናንተ ለዶሮ ጠብሳችሁ ትልካላችሁ።»

«ጠብሰን?»

«ድንቹን፣ ከነእንቁላሉ። እኔ መጀመሪያ፣ ዶሮ እንዴት እንቁላል ትበላለች ብዬ ነበር። ትበላለች። አስኳሉን ነው እንዲያውም የሚሻሙት። ብቻ አወፈራችሁብኝ፤ አውራው አጥር ላይ መውጣት አቃተው።»

«ከቤት ተልኮ ነው ብሎ የነገረህ ማን ነው?»

«ልጅቷ ናታ። ‹ከቤት ነው የላኩልህ› አለችኝ።» ዘበኛው ፊቴን አየ። ሳቁ ቀስ እያለ ቀረ። «አልላካችሁም እንዴ?»

ምሳ ዕቃውን ወደ ራሴ ሳብኩት። መራጯ ከክፍል ወጥታ ስትመጣ አየችን። ምሳ ዕቃው በእኔ እጅ ነው። ዘበኛው አጠገቤ ነው። ባለችበት ቆመች።

«ጋሼ ነገረህ» አለች።

«ነገረኝ።»

ዘበኛው «እኔ ምን አውቄ» ብሎ ወደ ዶሮዎቹ ሄደ።

ከግንቡ ሥር ተቀመጥን። ምሳ ዕቃውን በመካከላችን አስቀመጥኩት። ሌሎቹ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«ለእማዬ ትነግራታለህ?»

«አልነግራትም።»

ትንፋሿ መለስ አለ። ብዙ አልቆየላትም።

«አንቺ ትነግሪያታለሽ» አልኳት።

«አባባ፣ አልችልም።»

«ለምን?»

«ባዶውን ስታይ ትስቃለች እኮ። ከነገርኳት አትስቅም።»

ልጆች፣ ይቺ ልጅ ክፉ አይደለችም። እናቷን ደስ ለማሰኘት ብላ ነው። እናንተም አንዳንዴ ለዚህ ብላችሁ ትዋሻላችሁ፤ አውቃለሁ። ግን እዩት። ያ ሳቅ በየቀኑ ከእናቷ እንቅልፍ ላይ ነበር የሚቆረጠው።

«የእናትሽን እጅ አይተሻል?» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

«ለምን ተቃጠለች?»

«ስለደከማት።»

«ለምን ደከማት?»

ምሳ ዕቃውን አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ነገ እናትሽ ስትነሳ አብረሽ ተነሺ» አልኳት። «ሌላ ነገር አልልሽም።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ እኔ ቀሰቀስኳት። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ወጣች። ማብሰያችን ከመጋረጃ ወዲያ ነው፤ መጋረጃው ደግሞ አጭር ነው። እናቷ በአንድ እጇ ድንች ትልጣለች። የታመመውን እጇን ከእንፋሎቱ ታሸሻለች።

«ምን ሆነሽ ተነሳሽ?»

«ላግዝሽ።»

«ሂጂ ተኚ፣ ነገ ትምህርት አለሽ።»

«ነገ እኮ ዛሬ ነው፣ እማዬ።»

እናቷ አሰበችና «እውነትሽን ነው» አለች። ሹካ ሰጠቻት። መራጯ ድንቹን ትጨፈልቅ ጀመር። ድንቹ ያቃጥላል። ሹካው ይንሸራተታል። ጥቂት እንደቆየች ክንዷ ዛለ። አንድ ቁራሽ ጣቷ ላይ ተጣበቀ፣ ላሰችው። ቀና ስትል እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ማንኪያው በእጇ ነው። ዓይኗ ተከድኗል። እንደቆመች ተኝታለች። መጥበሻው ላይ ዘይቱ መጨስ ጀምሯል።

መራጯ ምድጃውን አጠፋች።

«እማዬ።»

እናቷ ብንን አለች። «አረረ?»

«አላረረም። እማዬ፣ እኔ ይሄን አልበላውም።»

«አሞሻል?»

«አላመመኝም። አንድም ቀን በልቼው አላውቅም። ለዘበኛው ዶሮዎች ነው የምሰጠው። በላሁ ያልኩሽ ሁሉ ውሸቴን ነው።»

እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የተጨፈለቀውን ድንች አየችው። ልጅቷን አየቻት።

«እኔ ደግሞ» አለች በመጨረሻ፣ «አይበቃትም ብዬ ተለቅ ተለቅ አደርገው ነበር።»

ያኔ ነው መራጯ ያለቀሰችው። ቢቆጧት ይቀላት ነበር። ፊቷን እናቷ ጉልበት ላይ ደፋች።

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ። ስትስቂ ደስ ብሎኝ ነው።»

«የምስቀው እኮ ስለበላሽ መስሎኝ ነው።»

አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ፀጉሯን በደህናው እጇ ትዳብሳለች። ከዚያ ጠየቀቻት።

«ታዲያ የምትበይው ምንድን ነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።»

«ድንች።»

«ይሄም ድንች ነው፣ ሆዴ።»

«ድንች ብቻውን። ጨው ያለበት። አሁን ስጨፈልቅ ቀመስኩት። ሳይጠበስ ይጣፍጣል።»

«በቃ?»

«ከዳቦ ጋር። ካሮትም፣ ምንም ካልነካው።»

«ድንች በጨው» አለች እናቷ። «ይሄን እኮ ማታ ቀቅዬው ማደር እችላለሁ።» ሳቀች ማለት አይቻልም። ትከሻዋ ግን ትንሽ ተነቃነቀ።

«አሁን ተኚ» አለቻት መራጯ። «እኔ እከተዋለሁ።»

ልጄ ልብሷን እንደለበሰች ጋደም አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። መራጯ ያልተጨፈለቁትን ድንቾች መርጣ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ደረደረች፣ ጨው ነሰነሰችበት። በጣም በዛ።

ትምህርት ቤት ስንደርስ ወደ ዘበኛው ሄደች።

«ጋሼ፣ ከቤት ነው የላኩልህ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ምሳዬ ነበር።»

ዘበኛው አገጩን አከከ። «እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። «ዶሮዎቹን ማን እንደሚያስረዳልኝ ነው የጨነቀኝ።»

ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ይቅርታ ቶሎ ይሰጣል፤ እምነት ግን ይዘገያል። እናቷ ማታ ስትገባ ቦርሳዋን ማንሳት ተወች። አልፋው ትሄዳለች። ተኮሳትራ አይደለም፣ ደክሟት ነው። ባዶ ምሳ ዕቃ ቢሆንስ ምን ይነግራታል? መራጯን ከሁሉ የጎዳት ይህ ነው። ቦርሳዋን በሩ አጠገብ ታስቀምጥና እናቷን በዓይኗ ትከተላለች።

ከዚያ በራሷ አንድ ነገር ጀመረች። ማንም አልመከራትም። እናቷ ከድንቹ ጎን ጥቂት ሌላ ነገር ትጨምርላታለች፤ መራጯ ግን ያልቻለችውን ምግብ መጣል ተወች። ክዳኑ ላይ አድርጋ ታመጣና ለእናቷ ታሳያታለች።

«ይሄን አልቻልኩም» ትላለች። አንድ ቀን የሽንኩርት ቁራጭ። አንድ ቀን ጫፉ የጠቆረ ካሮት። እናቷ ታይና «እሺ» ትላለች። ሌላ አትልም። መራጯ ግን አልተወችም። በየማታው ታሳያለች።

አንድ ማታ ክዳኑ ላይ የነበረው ግማሽ ፎሶሊያ ነው። የጥርስ ምልክት አለበት።

«ነከስሽው?» አለቻት እናቷ።

«ነከስኩት።»

«እና?»

«አልወደድኩትም። ግን ውጬዋለሁ።»

እናቷ ግማሹን ፎሶሊያ አንስታ አገላብጣ አየችው። አየችው፣ አየችውና ሳቀች። ጮክ ብላ ሳቀች። ያን ማታ ቀደም ብላ ተኛች። በማግስቱ ስትገባ ቦርሳውን ራሷ አነሳችው።

እጇ ድኗል። ጠባሳው አለ። ካውያው ከዚያ ወዲህ በሰው ልብስ ላይ አልቀረም፤ የላውንደሪውም ባለቤት ሌላ ሰው አላስገባም። አሁን ማታ ማታ ድንቹን መራጯ ናት የምታጥበው፣ የምታዘጋጀውም እሷ ናት። እናቷ ጠዋት እስኪነጋ ትተኛለች። እኔም እንደዚያው።

ትናንት ወደ እናንተ እንደምመጣ ነገርኳት። ያንቺን ታሪክ ልንገራቸው ወይ አልኳት። ድንች እያጠበች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ቆማ አሰበች።

«ንገራቸው፣ አባባ» አለችኝ። «ለሚደክምላችሁ ሰው ሁልጊዜ እውነቱን ተናገሩ፤ በውሸት ደስ ስታሰኙት ድካሙን ነው የምትጨምሩበት በላቸው።»